ጥቁር ያልሸፈነው ቢጫ

እታገኝ ፕላስቲክን የምታውቀው እንደ ጎረቤት ነው። በጥፍሯ ኳ አድርጋ ድምፁን ትሰማለች። አልገባት እንደሆነ ጠርዙን በክብሪት ለኩሳ ጭሱን ታሸታለች። አሁንም ልቧ ካልሞላ ባልዲ ውሃ ውስጥ ትወረውረዋለች፤ የሰመጠው ወደ ግራ፣ የተንሳፈፈው ወደ ቀኝ። ምናለሽ ተራ ቁጭ ብላ ቆራሌዎች ከየሰፈሩ ለቅመው የሚያመጡትን የተሰበረ ወንበር፣ የተቀደደ ጀሪካን፣ ያረጀ ሳፋ እየገዛች፣ በየዓይነቱ ለይታ፣ አስፈጭታ ለፋብሪካ ስታቀርብ ሃያ ሦስት ዓመት ሆናት። ትምህርት ቤትማ ሦስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ነው የተወችው።

በፕላስቲክ ነገር ከእሷ ጋር የሚከራከር የለም። በሌላውም ነገር ቢሆን ብዙ ሰው አይደፍራትም፤ አንዴ ከተናገረች አትመለስማ። «አጠፋሁ» የሚል ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማ የለም። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ይቺ ሴት ሞት እንኳ ቢመጣባት ‹ቤት ተሳስተሃል› ብላ ትመልሰዋለች» ይል ነበር።

ከደንበኞቿ ሁሉ ትንሽ የምትገዛው፣ ብዙ የምትጠይቀው ኢክራ ናት። ኢክራ የመርካቶ ልጅ ናት፤ አባቷ ጨርቅ ይሸጣል፤ እሷ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። ከአባቷ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የካርቦን ዱቄትና የተፈጨ ፕላስቲክ አንድ ላይ እያቀለጠች፣ እየተጫነች፣ ሁለት የክብሪት እንጨት ጫፍ ለጫፍ ቢቀጠል የምታህል ጥቁር ዘንግ ትሠራለች። ኤሌክትሮድ ትላታለች።

«ምን ታደርግልሻለች?» ብላ እታገኝ የጠየቀቻት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው።

«ውሃ ትፈትሽልኛለች እትዬ። ዘንጓን ውሃ ውስጥ ነክሬ ትንሽ ኤሌክትሪክ እሰጣታለሁ። ውሃው ውስጥ እርሳስ ካለ መጥቶ ይለጠፍባታል። ከዚያ ‹ልቀቂ› እላታለሁ። ስትለቅ ስልኬ ላይ ያለው መስመር ጉብ ይላል። ጉብታው በተለቀ ቁጥር እርሳሱ በዝቷል ማለት ነው።»

«የቱ እርሳስ?»

«የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው። ዓይን አያየውም፣ ምላስ አይለየውም። ትልቁንም ሰው ይጎዳል፤ ሆድ ውስጥ ላለ ልጅ ግን ይብሳል። ፈረንጆቹ ዘንጓን ከወርቅም ከምንም ይሠሯታል። እኔ ከተጣለ ፕላስቲክ ልሥራት ብዬ ነው። ካርቦኑ ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፣ ፕላስቲኩ ካርቦኑን ይይዘዋል።»

«ጭቃና ጭድ በይኛ!» አለች እታገኝ። «የጭቃ ቤት እኮ ነው የምትመርጊው። ይህን ለማወቅ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው?»

ኢክራ ስቃ ስቃ ልትሞት። ከዚያ ወዲያ ተግባቡ።

ሁለት ማዳበሪያ ቀለም ያልገባበት፣ ወተት የመሰለ የፕላስቲክ ፍጭ ወሰደች። ለሦስተኛው ስትመጣ ግን እታገኝ ሌላ ነገር አስባ ጠበቀቻት። ነጩ ፍጭ በዚያ ሰሞን ተፈላጊ ነበር፤ ፋብሪካዎቹ ይሻሙበታል። በገበያው ደግሞ የታወቀ ደንብ አለ፤ ነጭ ለነጭ ይሄዳል፣ ሰማያዊ ለሰማያዊ፤ ወገን ያጣው ሁሉ፣ ያረጀው ቢጫ የለስላሳ ሳጥን፣ ቀዩ ሳፋ፣ አረንጓዴው ወንበር፣ አንድ ላይ ተፈጭቶ ለጥቁር ይሄዳል። የመብራት ቱቦ የሚሠሩት ሰዎች ጥቁር ቀለም ይጨምሩበታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምን እንደነበረ አይጠይቅም። ጥቁር ሁሉን ይሸፍናል፤ የምናለሽ ተራ ሕግ ነው።

ኢክራ የማዳበሪያውን አፍ ከፍታ አየችው። አብዛኛው ቢጫ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ቀለም አለው።»

«ቢኖረውስ? ዓይነቱ ያው ነው። ያው ይንሳፈፋል፣ ያው ይሸታል። አንቺ እንደሆንሽ በካርቦን ልታጠቁሪው!»

«አይ፣ እኔ እንኳን ያለ ቀለሙ...»

«አንቺ ልጅ፣ ፕላስቲክ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?»

«እሺ፤ እርስዎ ካሉ።» ኢክራ ማዳበሪያዋን አንጠልጥላ ሄደች።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት ነው። ጥጋቡ የሚባለው ተሸካሚ ሸክሙን አውርዶ ደጃፏ ላይ ላቡን ሲጠርግ፣ ወሬ ለማስያዝ ያህል፣ «እትዬ፣ ያ ሰማያዊ በርሜል ተፈጨ?» አላት።

«የቱ በርሜል?»

«ያ እንኳ ከሙናዊር ዘንድ ተሸክሜልዎት አማኑኤል ድረስ የወሰድኩት።»

«እሱማ ምን ብዬ አስፈጨዋለሁ! ልጄ ውሃ ታጠራቅምበታለች።»

ጥጋቡ መጥረጉን ተወ። «የሚጠጣ?»

«የሚጠጣ ነዋ! ምነው?»

«አይ... እኔ እንጃ። ሊፈጭ መስሎኝ ነበር።»

«ጥጋቡ!»

«እትዬ፣ እኔ የሰማሁትን ነው። ያን ቀን ሙናዊር ዘንድ ሁለት ሰማያዊ በርሜል ነበር የመጣው። አንደኛው ባትሪ ከሚያቀልጡ ሰዎች ግቢ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። የትኛው እንደሆነ ግን እኔ እግዜርን...»

እታገኝ ሱቋን ለጎረቤት አደራ ብላ ጭድ ተራ ደረሰች። ስትሄድ ነጠላዋ አንድ ትከሻዋ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ያገለገለ በርሜል የሚሸጠው ሙናዊር ከሩቅ ሲያያት ብድግ አለ።

«ሁለት ነበሩ፤ አልዋሽም» አላት። «አንዱ የዘይት ነው፣ አንዱ የባትሪ አቅላጮቹ። ሁለቱንም አሳጥቤ አንድ ላይ አቆምኳቸው። አንዱን እርስዎ በጥፍርዎ እየመቱ መርጠው ወሰዱ፣ አንዱን ለግንባታ ሰዎች ሸጥኩ። የቱ የቱ እንደሆነ ግን ወላሂ አላውቅም። አውቃለሁ ብልዎ አላህ ይታዘበኛል።»

መርጠው ወሰዱ። ይህች ቃል ደረቷ ላይ ተሰካች። እውነት ነው፤ ሙናዊር ሌላ ሊሰጣት ነበር። እሷ ናት እምቢ ብላ፣ ኳ ኳ አድርጋ፣ አፉን ከፍታ አሽትታ፣ «ይሄ ነው ወንዱ» ያለችው። ቤት ወስዳም በአመድና በሳሙና ሦስቴ አጥባዋለች። ዓይን የማያየው፣ ምላስ የማይለየው ነገር በአመድ ይለቅ አይለቅ ማን ያውቃል?

ልጇ ፍሬሕይወት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከሁለት ዓመት በፊት የመጀመሪያው በአምስተኛው ወር ወርዶባታል። ከዚያ ወዲህ ሆዷ ትንሽ ቆንጠጥ ሲያደርጋት ፊቷ አመድ ይመስላል፤ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ይዛ ነው። በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። እና አራት ወር ሙሉ የጠጣችውም፣ የቀቀለችውም ከዚያ በርሜል ነው፤ እናቷ መርጣ ካመጣችላት በርሜል።

ለፍሬሕይወት እንዴት ተብሎ ይነገራል? ገና ጉዳዩ ሳይታወቅ ድንጋጤው ራሱ ይጥላታል። እታገኝ ልትነግራት አልቻለችም። ልጅቷ ጎረቤት እስክትሄድ ጠብቃ ከበርሜሉ አንድ ጠርሙስ ቀዳችና ማክሰኞ ጠዋት ኢክራ ዘንድ ወጣች።

ኢክራ ነገሩን ስትሰማ ወንበር ሰጠቻት። ጠረጴዛዋ ላይ የሲጋራ ፓኮ የምታህል ሳጥን አለች፤ በአንድ በኩል ከስልኳ፣ በሌላ በኩል ከሽቦዎች ጋር ተያይዛለች። ከአዲሶቹ ዘንጎች አንዷን አወጣች።

«መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ልሞክራት እትዬ። ትናንት የሠራኋት ናት፤ ገና...»

«የምን ንጹሕ ውሃ! ልጄ የምትጠጣው ይሄን ነው። ይሄን ንከሪልኝ።»

«ደንቡ እኮ...»

«ንከሪልኝ አልኩሽ!»

ኢክራ ከበርሜሉ ውሃ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ቀዳች፣ ጥቂት ጠብታ አሲድ ጨመረች፣ ዘንጓን ነከረች። ጠበቁ። ከታች የአባቷ ሠራተኛ ጨርቅ ሲለካ፣ «ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር» ሲል ይሰማል። ከዚያ ስልኩ ላይ መስመሩ መሳብ ጀመረ። ሄደ፣ ሄደ፣ ድንገት ተነሳ። እንጦጦን አከለ።

«ይሄ ተራራ ምንድን ነው?»

ኢክራ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ተናገሪ እንጂ አንቺ ልጅ!»

«እዚህ ቦታ ላይ የሚነሳው... እርሳስ ነው እትዬ።»

እታገኝ አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኖቿ መሃል ከታ መሬት መሬት አየች። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ግን የፈራችውን በገዛ እጇ መርጣ፣ በገዛ ልጇ ቤት አቁማ፣ በላዩ ክዳን ገዝታለታለች።

ኢክራ ግን ስልኳን አልለቀቀችም። ግንባሯን ቋጥራለች። «በጣም ትልቅ ነው» አለች ለራሷ። «ባትሪ ከሚያቀልጡበት ደጃፍ የቀዳሁት እንኳ ይሄን ያህል አልወጣም።» ሌላ ዘንግ አውጥታ ደገመች። ያው ተራራ ተነሳ፤ ቁመቱም ያው ነው።

እታገኝ ቀና አለች። ሃያ ሦስት ዓመት ስትለይ የኖረች ሴት ናት፤ እህልም ሆነ ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ተሠፍሮ ፍንክች የማይል ነገር አይጥማትም፤ መስፈሪያውን ትጠረጥራለች። በጣቷ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ያለውን ጠርሙስ አመለከተች።

«ያንን ንከሪ።»

«ይሄ እኮ የምጠጣው ነው፤ የታሸገ ውሃ።»

«ገባኝ። ንከሪ።»

ነከረች። እንጦጦ እንደገና ተነሳ።

ሁለቱም ስልኩ ላይ አፈጠጡ። «እሺ፣» አለች እታገኝ በቀስታ፣ «ይሄም ከሙናዊር በርሜል ነው የተቀዳው?»

ኢክራ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። «ውሃው አይደለም። ዘንጎቹ ናቸው። ራሳቸው ውስጥ እርሳስ አለ።» ደብተሯን ገለጠች፣ ጣቷን መስመር ለመስመር አስኬደች። «በመጀመሪያው ማዳበሪያ የሠራኋቸው በንጹሕ ውሃ ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። የሁለተኛውም እንደዚያው። ካርቦኑ አልተቀየረም። የሦስተኛው ማዳበሪያ ግን...» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሠላሳ ዘንግ ሠርቻለሁ። ዓርብ ለአስተማሪዬ ላሳይ ነበር። የኔ ጥፋት ነው፤ በንጹሕ ውሃ ሳልሞክር መቀጠል አልነበረብኝም። እርስዎንም አስደነገጥኩዎት። ቢጫው...» አለችና ቆመች።

«ጨርሺው።»

«ምንም አይደለም እትዬ።»

«ቢጫው ምን?»

«አሮጌ ደማቅ ቢጫ ፕላስቲክ፣ ቀዩም አንዳንዴ፣ ቀለሙ በእርሳስ የተሠራ ይሆናል። ሁሉም አይደለም። የድሮዎቹ ሳጥኖች ግን...»

ልጅቷ ይህን የምትለው ዓይኗን ሰብራ ነው፤ ትልቅ ሰው ላለማሳፈር። «እርስዎ ነዎት ያሉኝ» ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። እታገኝ የራሷን ድምፅ ሰማችው፤ «ፕላስቲክ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?» ያለችበትን። ምላሷ ላይ አንድ ቃል መጣ። ሊወጣ እምቢ አለ፤ በሃምሳ ዓመት አንዴም ያልተከፈተ በር ነው።

«ቢጫው የኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «ነጩን ለፋብሪካ ላስቀር ብዬ ነው የሰጠሁሽ። ጥቁር ሁሉን ይሸፍናል ብዬ። ለዓይን ይሸፍናል፤ ላንቺ ዘንግ ግን አልሸፈነም። አንቺ ምን አደረግሽ? አሁን ተነሺ፣ እንባሽን ጥረጊ።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ሌላው ነገር ታያት። ዘንጎቹ ከዋሹ በርሜሉ ገና አልተፈረደበትም! ከእሷ ጥፋት ሥር ተስፋ ተኝቷል። ጥፋተኛ መሆን እንዲህ ደረትን እንደሚያቀል አስባ አታውቅም ነበር።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አለች ብድግ ብላ። «ቆይ ጠብቂኝ።»

ያን ከሰዓት ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ነጩን ፍጭ በሰፌድ ዘርግታ እንደ ምስር ለቀመችው። ትንሽ ጥላ ያለባትን ቅንጣት ሁሉ አወጣች፤ አልፎ አልፎ አንድ አንዷን ለኩሳ አሸተተች። ጥጋቡ ሊያይ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ለሠርግ ነው?» አላት። «ለልጅ ልጄ ነው፤ ዞር በል ብርሃኑን» ብላ አባረረችው። የኢክራ ዘንጎች እስኪቀልጡ፣ እስኪጨመቁ፣ እስኪለሰልሱ እስከ ሐሙስ ይፈጃል። እስከዚያው ልጇ ከበርሜሉ እንዳትጠጣ ምክንያት መፈለግ ነበረባት።

ሁለት እሽግ ውሃ አስጭና አማኑኤል ስትደርስ ፍሬሕይወት በሩ ላይ ወገቧን ይዛ ሳቀችባት። «እማዬ? አንቺ ነሽ ውሃ የምትገዢ? ‹ዝናብን ጠርሙስ ከተው ይሸጡልናል› ስትይ አልነበረም?»

«በርሜሉ ውስጥ በረሮ ወድቋል። አይቼዋለሁ።»

«ውይ! ታዲያ አሁኑኑ ይደፋ!»

«አይደፋም!» አለች እታገኝ፤ ኢክራ ዳግመኛ ልትፈትሸው ነዋ። «ማንም እንዳይነካው።»

«በረሮ የወደቀበትን ውሃ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ለእግር መታጠቢያ። ዝም በይና ይሄን ጠጪ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ልጇ በዓይኗ ተከተለቻት። እታገኝም ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ወሬ አወራች፤ በልቧ ግን ያን ተራራ ስታየው፣ ስትንደው፣ እንደገና ሲቆምባት ሰነበተች።

ሐሙስ ጠዋት ኢክራ ጠረጴዛዋን ጠርጋ ጠበቀቻት። አዲስ ዘንግ፣ ከተለቀመው ነጭ የተሠራ። መልኩማ እንደ ቀድሞዎቹ ጥቁር ነው፤ በዓይን ቢሉ ማንም አይለየውም።

«መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ» አለች ኢክራ፣ ገልመጥ አድርጋ አየቻት።

«ደንብሽን ጠብቂ። እኔ ምን አልኩ?»

ንጹሑ ውሃ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። ብርጭቆው ታጠበ፣ ከበርሜሉ ያመጣችው ውሃ ተቀዳ፣ አሲዱ ተጨመረ። ጠበቁ። እታገኝ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠምጥማ ጠምጥማ ደሟን አስቆመችው። መስመሩ ተነሳ... አልተነሳም፤ ተሳበ። ያ ተራራ የቆመበት ቦታ ደረሰ። አለፈው። እስከ መጨረሻው እንደ ተነጠፈ አስፋልት ሄደ።

ኢክራ ፊቷ በራ። «የለም እትዬ! የለም! ንጹሕ ነው!»

እታገኝ ግን አልተነቃነቀችም። «ዕውር ብትሆንስ?»

«ማን?»

«ዘንጓ ናታ። ዕውርም እኮ ‹የለም› ነው የሚል። ማየቷን አሳዪኝ።»

ኢክራ አፏን ይዛ ሳቀች። «አስተማሪዬም ይህንኑ ነው የሚጠይቀው፤ ቃል በቃል።» ከመደርደሪያዋ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወረደች። «ይቺ ውስጥ የታወቀ እርሳስ አለ። እዚያው የእርስዎ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ልጨምር።»

ጨመረች። መስመሩ ሲሳብ እዚያች ቦታ ላይ ትንሽ ጉብታ አበቀለ፤ የዶሮ እንቁላል የምታህል። ሌላ ጠብታ ጨመረች፤ ጉብታዋ እጥፍ ሆነች።

«ታያለች» አለች እታገኝ። «አንድ ጠብታ አይታ የምትነግር፣ አራት ወር የተጠጣውን አትደብቅም።» ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና፣ ያ ሁሉ ጭንቅ ሲመጣ ያልወጣው እንባ አሁን እያሳቃት ወረደ። ኢክራን ስባ ግንባሯን ሳመቻት። «እድግ በይ የኔ ልጅ። ዓርብ ለአስተማሪሽ ስትነግሪ የቢጫውንም ንገሪ። እታገኝ የምትባል ሴት ሰጥታ አሳሳተችኝ ብለሽ ጻፊ።»

«ኧረ ስምዎን አልጽፍም!»

«ጻፊ አልኩሽ! ሌላው ተማሪ እንዳይሳሳት ነው።»

መንገዷን በጭድ ተራ አድርጋ ሙናዊርን አየችው። «የዘይቱ ነው የደረሰኝ» አለችው። «ከእንግዲህ ከባትሪ ግቢ የመጣውን ገና ሳይወርድ ለምልክት በሚስማር ቧጭረው። ባትቧጭረው እኔ ራሴ አንተን እቧጭርሃለሁ።» ሙናዊር፣ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ለበርሜሉ ይሁን ለራሱ ፊት አልታወቀም።

አማኑኤል ስትደርስ ፍሬሕይወት አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የሕፃን ልብስ ታጥፋለች። እታገኝ ሰላም እንኳ ሳትላት ቀጥታ ወደ በርሜሉ ሄደች። ክዳኑን አነሳች፣ ትልቁን ጣሳ ነከረች፣ አፏ ላይ ደቀነችው።

«እማዬ! በረሮ የወደቀበትን!»

አልሰማቻትም። እስከ ታችኛው ጠብታ ጠጣችው። እንዲህ የጣማት ውሃ ቀምሳ አታውቅም። አፏን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ልጇ ዞረች።

«በረሮ አልነበረም። በርሜሉን ፈርቼው ነው፤ አሁን ተፈትሾ ንጹሕ ሆኗል። ቁጭ በይ፣ ሁሉን እነግርሻለሁ። ሳልጠይቅ፣ በጥፍሬ አምኜ ላንቺ ማምጣት አልነበረብኝም። አጠፋሁ።»

ፍሬሕይወት የያዘችው የሕፃን ልብስ ከእጇ ወደቀ። ስለ በርሜሉ አልጠየቀችም፤ ስለ ፍተሻውም አልጠየቀችም።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተሻል» አለች እታገኝ፤ ጣሳውን እንደገና እየነከረች። «አልደግመውም። እንኪ፣ ጠጪ።»